ሻምበል የሚያውቃት ቃል

የካ አባዶ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎት? አክስቴስ፣ ጥጃዋስ፣ ያ ሰው አላሳልፍ የሚለው አውራ ዶሮስ? ጆሮዎን ብቻ አልጠይቅም፤ ከጠየቅኩ ደብዳቤውን እዚሁ ላይ አጥፈው ኪስዎ እንደሚከቱት አውቃለሁ። እኔ ክብር ምስጋና ለሱ ይሁንና ደህና ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ውኃ በጀሪካን እስከ አራተኛ ፎቅ መሸከሜን ካልቆጠሩት ቤቱም ደህና ነው። ጎረቤቶች አባትሽ መቼ ነው የሚመጡት ይሉኛል፤ ኩርፊያቸው ሲያልቅ እላቸዋለሁ።

ይህን የምጽፍልዎ ስልኩ ስላስመረረኝ ነው። ባለፈው ሰኞ ከመገናኛ ደውዬ ሻምበል ሄደ ብዬ ብጮህ፣ ሽምብራውማ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል አሉኝ። ኧረ ሻምበል ነው የምልዎ ብል፣ እሺ፣ ለፋሲካ አንድ ቁና እልክልሻለሁ ብለው ዘጉት። ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሁሉ ሳቀብኝ። ወረቀት ይሻላል ብያለሁ፤ ወረቀት "እ?" አይልም። ካሊድ በሚኒባሱ ሰንዳፋ ሲደርስ ለአክስቴ ይሰጥልኛል።

አይደንግጡ እንግዲህ። ሄደ ማለቴ ሞተ ማለቴ አይደለም። አሥራ አምስት ዓመት ያበሉት፣ ያጠቡለት፣ ከእኔ ይበልጥ ያቆላመጡት አንበሳ በራሱ እግር ሄደ ማለቴ ነው። እንዴት እንደሄደ ከሥር ከመሠረቱ እነግርዎታለሁ፤ ግን መጀመሪያ አንድ የምናዘዘው ነገር አለኝ። ጾም ስለሆነ ንስሐውም ያምርብኛል።

አምና ሰኔ ላይ አቶ ዓለምሰገድ መናፈሻው ውስጥ ካለው ቢሯቸው ጠርተው፣ ከእንግዲህ ይረፉ፣ ልጅዎ ትተካዎታለች ሲሉዎት፣ ማን ነው የነገረብኝ ብለው ጥበቃውን ኃይለኪሮስን ሳምንት ሙሉ ሰላም ነሱት። ከዚያም ልብስዎን ሸክፈው ሰንዳፋ አክስቴ ዘንድ ገቡ። ኃይለኪሮስ ምስኪን ምንም አላለም። የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ግንቦት ውስጥ ምሳ ይዤልዎ የመጣሁበትን ቀን ያስታውሱ ይሆናል፤ ሳህኑ ወድቆ የተሰበረ ቀን። እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው ገንዳ እያጠቡ ነበር። ሻምበል ከብረቱ ወዲያ ሆኖ አገሳ። ሳህኑ ከእጄ አመለጠ፣ ሻይ የሚጠጡት እንግዶች ከወንበር ተነሡ፣ እርስዎ ግን እያንጎራጎሩ ማጠብዎን ቀጠሉ። ዞር ብለው አይተውኝ ምነው ሳህኑን ጣልሽው አሉኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእርስዎ ደግሞ ለአንበሳውም ባዳ ሆነ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። በማግስቱ አቶ ዓለምሰገድ ዘንድ ገብቼ አባቴ አይሰማም አልኳቸው። ይቆጡኝ፤ ግን በሕይወት ኖረው ይቆጡኝ ብዬ ነው። ይኸው ተናገርኩት፣ ቀለለኝ።

አሁን ወደ ሻምበል ልመለስ።

የሱን ነገር ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። ከሰው ቋንቋ የሚያውቀው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ መሬታችን ለኮንዶሚኒየም ሳይለካ በፊት ላሞቻችንን አመሻሽ ላይ በረት ሲያስገቡ ይሏት የነበረችውን ነው ያስተማሩት። ገሊ። ግባ፣ ወደ ቤትህ ግባ። የእኔ ኦሮምኛ ግማሹ አማርኛ ነው ብለው ይስቁብኛል፤ ይቺን ቃል ግን እንደ እርስዎ ነው የምላት። ከመኝታ ክፍሉ በስተጀርባ ከብረቱ ወዲያ እቆማለሁ፣ የሥጋ ገንዳውን ሁለት ጊዜ በዘንግ እመታለሁ፣ ገሊ እላለሁ። ከፊት ለፊቱ አጥር እየተጎተተ ይገባል። እኔም ገመዱን እለቅና ተንሸራታቹ በር ይወርዳል። ሰባት ወር እንዲህ ያለ አንድ ቅሬታ ሠራሁ። እርስዎ ያወረሱኝን ሕግም እያነበነብኩ፦ አንዱ በር ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም።

የፈሩት ይደርሳል። የጥር ሠርግ እንዴት እንደሆነ ያውቁታል፤ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ያለ ሙሽራ ሁሉ የአቶ ዓለምሰገድ መናፈሻ ውስጥ ፎቶ ካልተነሣ ያላገባ ይመስለዋል። አንድ እሑድ ሦስት ሠርግ ተደራረበብን። ፎቶ አንሺው ቢሩክ፣ አንበሳው ከኋላ እንዲታይልኝ ቶሎ አውጪልኝ፣ ፀሐዩ ሊሄድብኝ ነው እያለ ነዘነዘኝ። ሻምበል ክፍሉ ውስጥ ነበር፣ እኔ ፊት ለፊቱን አጥር ጠርጌ መውጣቴ ነበር። የጠራጊ በሯን መለስ አደረግኳት እንጂ አልቀረቀርኳትም። ሮጬ ሄጄ ተንሸራታቹን በር ሳብኩት። ሻምበል ወጣ። ሁለት ጊዜ ተንጎራደደና የጠራጊ በሯን በግንባሩ ገፋ አደረጋት። ተከፈተችለት።

አባዬ፣ በእኔና በሱ መካከል ብረት ሳይኖር ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። እንዴት ትልቅ ነው። ከጽጌረዳው አጥር በስተኋላ ቆመ። ከአጥሩ ወዲያ፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ አራት ሚዜዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ። ሕፃናት በሣሩ ላይ ፊኛ ያባርራሉ። ገሊ ልል አፌን ከፈትኩ፤ አየር ብቻ ወጣ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ አሁንም አየር። ይቺን አንዲት ቃል ልናገር ነው የተቀጠርኩት፣ እሷኑ አጣኋት።

ያኔ ከኬኩ ጠረጴዛ አጠገብ አንዲት ቀሚሷን ሰብስባ የያዘች እናት፣ ለአምስተኛ ጊዜ የምትጣራ ሰው በሚያወጣው ድምፅ ልጇን ጠራች። ልጅቷ ገሊላ ነው ስሟ ለካ። ገሊ፣ አለች እናትየው። ገሊ፣ ነግሬሻለሁ፣ ገሊ።

ሻምበል ጆሮውን አዞረ። ሰዓቱ ገና ነው ብሎ የሚያስብ ይመስል ትንሽ ቆየ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ ዞረ፣ በመጣበት በር ተመልሶ አጥሩን አቋርጦ ክፍሉ ገባና ገንዳው አጠገብ ተጋደመ። ገመዱን ለቀቅኩት፣ በሩ ወረደ። የጠራጊ በሯን ቀረቀርኩ፣ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ሞከርኩና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሕፃኗ ገሊላ እስካሁን ፊኛዋን ታባርራለች፤ ልትመጣም አላሰበች። ከሁለቱ ታዛዡ አንበሳው ሆነ።

ያየ የለም ብዬ ነበር። ኃይለኪሮስ አይቷል፤ ግን እሱ ቁጭ ብሎ ሚካኤልን ሲለምን ስለነበር መናገር አልቻለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሩክ ፎቶዎቹን ሲያስተካክል ቆይቶ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። አራት ሚዜ ተሰልፈው ጥርሳቸውን አሳይተዋል፤ ከአራተኛው ትከሻ በስተጀርባ፣ ከጽጌረዳው በላይ፣ አምስተኛ ሚዜ አለ። ጎፈሬው ከሁሉም ያምራል።

አቶ ዓለምሰገድ መጀመሪያ ሳቁ። ትልቅ አድርገን በር ላይ እንስቀለው፣ ማስታወቂያ ነው አሉ። ቀጥለው ፎቶውን ቀረብ አድርገው አዩትና ብረቱ የታለ ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፣ አልዋሸሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። ሻይ አስመጡ፣ ሳይጠጡት ቀዘቀዘ፣ ሌላ አስመጡ። በመጨረሻ፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት ግቢ ነው፣ የታጠቀ ሰው አምጥቼ በአንድ ጥይት እገላገላለሁ አሉኝ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ስለ ሕፃናቱ አልተሳሳቱም። እኔም ዓይኔን ስጨፍን የማየው እነዚያን ፊኛዎች ነው። ግን ደሜ ፈላ። ጋሼ፣ አልኳቸው፣ ይሄን እንስሳ እኮ በጡጦ የሚጠባ ግልገል ሆኖ ያመጡት እርስዎ ነዎት። እንግዳ እያቀፈው ፎቶ ሲነሣ አልፈሩም። አንበሳው ማደግ አልነበረበትም? ይሂድ፤ ይሄ ቦታ ለሱም ለሰውም አይሆንም። ግን በጥይት አይሂድ። እንዲህ ስናገር ድምፄ መጥቶልኝ ነበር፤ ለአንበሳው የጠፋብኝ ድምፅ ለአሠሪዬ አልጠፋኝም። የአባትሽ ልጅ ነሽ አሉኝና አንድ ወር ሰጡኝ። በአንድ ወር ውስጥ የሚቀበለው ቦታ ካላገኘሁ፣ ጥይት።

ስንት ቢሮ በር እንዳንኳኳሁ አልነግርዎትም፤ ደብዳቤው ሌላ ደብዳቤ ይሆናል። አንዱ፣ ማመልከቻ በሦስት ኮፒ አምጪ አለኝ፤ አንዱ የአንበሳውን የልደት ምስክር ወረቀት ጠየቀኝ። በሃያ ሦስተኛው ቀን ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ከሰው እጅ የወጡ የዱር እንስሳትን የሚያኖር ሰፊ ቦታ አለ ተባልኩ። ከዚያ አንዲት የእንስሳት ሐኪም መጣች። ዶክተር ሔዋን ትባላለች፤ እኩያዬ ናት፣ አንቺ በይኝ ብላኛለች። ሻምበልን ጠዋት መጥታ እስከ ቀትር ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ቅጽ አወጣች።

ዕድሜው፣ አሥራ ሰባት። ምግቡ፣ ጻፈች። ከዚያ፣ ሰው ላይ ጉዳት አድርሶ ያውቃል ወይ? ያውቃል ከተባለስ ብዬ ጠየቅኳት። ለኮሚቴ ይቀርባል፣ ኮሚቴው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው የሚሰበሰበው አለች። ለእኔ የቀረኝ ሰባት ቀን ነበር። አያውቅም ልል ስል ኃይለኪሮስ፣ ወሬ ሆዱ የማያድርለት፣ የቀድሞው ጠባቂ እኮ የግራ እጃቸው ሁለት ጣት የለም ብሎ ጣልቃ ገባ።

በር ነው፣ አልኩ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የሰማሁት ይሄንኑ ነውና።

ዶክተሯ ተነሥታ በሩን ልታይ ሄደች። ገመዱን ሳበች፣ ለቀቀች። እርስዎ እንደሚያውቁት ያ በር ወርዶ መሬት አይነካም፤ ከሥሩ አንድ ስንዝር ክፍት ይቀራል፣ ድመቷ እንኳ በዚያ ነው የምታልፈው። እንደገና ሳበች፣ እንደገና ለቀቀች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

ይሄ በር ጥርስ አለው፣ አልኳት። ወደ እናንተ ሲመጣ የሚጠብቀው ሰው የቱንም ያህል ቢላመደው፣ የቱንም ያህል ቢወደው፣ ቁራጭ ሥጋ ይዞ እጁን ከበር ሥር እንዳያሾልክ። በረጅም ዘንግ ይስጠው። ሁልጊዜ ሁለት በር በመካከል ይኑር። የሚወደው ሰው ነው ይበልጥ የሚዘናጋው።

ዶክተሯ ቅጹ ላይ "በር" ብላ ጻፈች። በራሷ ደብተር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ጻፈች፤ አንድ ገጽ ሞላች፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ስትጨርስ፣ በር በመሆኑ አይፈረድበትም፣ የሚፈረደው ሰውና በርን እዚህ ባገናኘው ላይ ነው አለችኝ። ከዚያ ስለ በሩ አልተነጋገርንም።

የጉዞው ቀን እንዴት ደስ ይል ነበር። ዶክተሯ የማስተኛ መርፌዋን አዘጋጅታ መጣች። የብረት ሣጥኑን ከበሩ ጋር ገጠሙት፣ እኔ ከሣጥኑ በስተኋላ ቆሜ ገንዳውን መታሁና ገሊ አልኩ። ሰተት ብሎ ገባ። ዶክተሯ መርፌዋን ይዛ ቀረች። አቶ ዓለምሰገድም ቆመው ያዩ ነበር፤ መነጽራቸውን ሦስት ጊዜ ጠረጉ፣ አቧራ ነው አሉ። በጭነት መኪና ሸራ አልብሰነው ወጣን። መገናኛ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። አንዱ ባለ ሚኒባስ ጡሩንባውን በጆሯችን ላይ ያንባርቃል፣ ሂዱ እንጂ ይላል። ሻምበል ከሸራው ሥር አንድ ጊዜ መለሰለት። ዕድሜ ልኬን መገናኛ ላይ እንደዚያ መንገድ ሲለቀቅ አላየሁም።

ቦታው ሰፊ ነው አባዬ። ማዶው ሩቅ ነው፣ አጥሩ ከፍ ያለ ባለ ሁለት ድርብ ነው፣ በድርቡ መካከል ሰው ይሄዳል። የበልጉ ዝናብ ጣል ጣል ስላደረገ ሣሩ ለምልሟል። ዛፍ አለ፣ ጥላ አለ፣ ከማዶ የድንጋይ ማደሪያ ተሠርቶለታል። ሣጥኑን ከአጥሩ በር ጋር ገጠሙት፣ ሁላችንም ወጥተን ራቅ ብለን ቆምን፣ በገመድ ከፈቱለት።

አልወጣም።

ሥጋ በዘንግ አሳዩት፣ አልወጣም። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። ሣሩን ያያል፣ ወደ ኋላ ይላል። እኔ ደግሞ ብልጥ ሆኜ ከሣጥኑ በስተጀርባ ሄጄ ገሊ አልኩት። ያለ የሌለ ኃይሉን ተጠቅሞ ጥግ ውስጥ ተወሸቀ። ዶክተር ሔዋን፣ ውጣ የምትሉት በምን ቃል ነው፣ እሱን በይው አለችኝ። አባዬ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ግባ ስንለው ኖርን እንጂ ውጣ ብለነው አናውቅም። የት ይውጣ ብለን? ቃሉን ያላስተማርነው ስለማያስፈልገው ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ እንደ ሕፃን፣ በሰው ፊት።

ኋላ ግን እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ ላሞቹን ሲያስገቡ የት ይቆሙ እንደነበር። ከኋላ ሆነው አይነዷቸውም ነበር። ቀድመው በረቱ ዘንድ ይሄዱና ከዚያ ነበር የሚጠሯቸው። ሰው ከቤት ሆኖ ነው ገሊ የሚለው። አሮጌውን ገንዳ ሽታውን እንዲያውቀው ብለን ጭነን መጥተን ነበር። ይዤው ሮጥኩ። በድርብ አጥሩ መካከል ዞሬ ዞሬ፣ ማዶ ካለው የድንጋይ ማደሪያ ጀርባ ደረስኩ። ትንፋሼ ተቆርጧል። ገንዳውን ሁለት ጊዜ መታሁ። ገሊ አልኩ። ድምፄ ሩቅ እንዲሄድ የእርስዎን አወራረድ ነው ያወረድኩት፤ መጨረሻዋን ሳብ አድርጌ።

መጀመሪያ ራሱ ብቅ አለ። ከዚያ አንድ እግሩ ሣሩ ላይ አረፈ፣ አነሣው፣ ረግጦት የማያውቀው ነገር ነውና አሸተተው፣ መልሶ አሳረፈው። ከዚያ መጣ። ግማሽ መንገድ እስኪደርስ እየተራመደ ነበር፤ ከዚያ በኋላስ፣ በማርያም፣ ሮጠ። ያ ጉልበቱ የሚንቋቋ ሽማግሌ ሮጠ። ሣሩ ላይ ተንከባለለ፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቀለ። ዶክተሯ ከማዶ እልል ስትል ሰማሁ። ገሊ ማለት ውጣ ማለት አይደለም፤ እሱ ግን በሷ ወጣ። ወደ ቤት ግባ ነው ያልኩት፣ ገባ።

አሁን የሚጠብቀው ፊሊሞን የሚባል ልጅ እግር ሰው ነው፣ ትጉህ ነው። ቃሏን ላስተምረው ብሞክር ገሊን በጥድፊያ ስለሚላት ሻምበል ዞሮም አያየውም። ሁላችንም የእርስዎን መምጣት እንጠብቃለን። ካሊድ ቅዳሜ ከሰንዳፋ ሲመለስ የፊት ወንበር ይዞልዎታል፣ እኔ መገናኛ እቀበልዎታለሁ። ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነው የሚያስተምሩት፣ ሁለት በር በመካከል ሆኖ፤ እዚያ ጆሮ አያስፈልግም። ፊሊሞን አሥሩም ጣቶቹ አሉት፤ ስለዚያ በር አጠገቡ ቁጭ ብለው ቢነግሩት እወዳለሁ። እኔ አልጠይቅዎትም። የእኔን ተናዝዣለሁ፣ የእርስዎ የእርስዎ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ላስታውስዎ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ እጅዎ ተጠቅልሎ ከክሊኒክ የመጡ ዕለት፣ ገና ከደጅ ሆነው እማዬን ሻምበል በላ ወይ ብለው ጠየቋት። እማዬ፣ ነፍሷን በገነት ያኑራት፣ እሱማ በደንብ በልቷል አለችዎ። ሁለታችሁም እንባችሁ እስኪወርድ ሳቃችሁ። እኔ ሳቁ አልገባኝም ነበር። ትናንት ፊሊሞን ደውሎ ሻምበል በላ ሲለኝ፣ ሽሮዬን እየበላሁ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅኩ።

አምላክ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ከሰንዳፋ ብርድ ይሰውርልኝ፣ ኩርፊያዎን ከሽምብራው ጋር ጎተራ ያስገባልኝ። ጉልበትዎን ስሜ፣ ስምንቱንም ጣቶችዎን አንድ በአንድ እስማለሁ።

ገሊ፣ አባዬ።

የማትሰማዋ ልጅዎ